አብዷል ብዬ የጻፍኩት ወረቀት

እሑድ ነበር። ከቅዳሴ ተመልሰን ቁርስ እንደበላን ወንድሜ አዲሱን እንስራ አሸከመኝና ወደ ወለቃ መንገድ ጀመርን። እንስራው ከተገዛ ሦስት ቀኑ ነው፤ ከታች በኩል ያንጠባጥባል። እኔ በማግሥቱ የሒሳብ ፈተና ነበረብኝ። ለአንድ እንስራ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ መመለስ ቂልነት ነው አልኩት።

«ቂልስ የሚያንጠባጥብ እንስራ ታቅፎ የሚቀመጥ ነው» አለኝ።

ሚስቱ ከደጃፉ ቆማ፣ «ደግሞ በሰንበት ገበያ? ምነው፣ ቀን ጠፋ?» አለችው።

«ገበያ መች ወጣሁ? ልለውጥ ነው እንጂ። መለወጥ በሰንበት ክልክል ነው የሚል የት ተጽፏል?» ብሎ አሳቃት።

ወለቃ ስንደርስ ሸክላ ሠሪዋ ዕቃዋን ከመንገዱ ዳር ደርድራ ተቀምጣለች። እንስራውን አገላብጣ አየችና፣ «አንተው ከድንጋይ አጋጭተኸው ይሆናል» አለችው። ወንድሜ አልተቆጣም። የመጋዘን ጸሐፊ እንደሆነ፣ ዕቃ ሲረከብ አንኳኩቶ እንደሚረከብ፣ ያን ቀን ግን ቸኩሎ ሳያንኳኳ እንደወሰደ፣ ጥፋቱም ይኸው ብቻ እንደሆነ አስረዳት። ከዚያ እንስራዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እያንኳኳ፣ ጆሮውን እያስጠጋ ያዳምጥ ጀመር። ሴትዮዋ መጀመሪያ ተናደደች፣ በኋላ ሳቀች፣ በመጨረሻ «እባክህ ይኸኛውን ውሰድና ሂድልኝ» ብላ አንዲት ትንሽ ድስት በምራቂ ጨምራ ሸኘችው።

ስንመለስም ተሸካሚው እኔው ነበርኩ። አኩርፌ ነበር። «ፈተናውን ብትወድቅ እንስራው ነው የጣለኝ ልትል ነው አይደል?» አለኝ። አልሳቅሁለትም።

ይህን የምጽፈው ሌላ የምጽፈው ስለሌለኝ ነው። የመጨረሻው ቀን እንዴት ነበር ብሎ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ምን አለህ? ፊቱ ምን ይመስል ነበር? ምንም አላለኝም። የእንስራ ነገር ነው ያወራነው። ሰዎቹ ይህን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል፤ የደበቅኳቸው ነገር ያለ ይመስላቸዋል።

ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ ከዳባት በላይ ካለው ከትውልድ መንደራችን ወደ ጎንደር አምጥቶ ያስተማረኝ እሱ ነው። በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ነበር። ሚስቱ አለች፤ ገና ድክ ድክ የምትል ሴት ልጅ አለችው። እኔም ሁለተኛ ደረጃ እየተማርኩ ከነሱ ጋር እኖር ነበር።

ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ከቤት ወጣ። እኔ ፈተና ላይ ተቀምጬ ሳለ እሱ ወደ ሥራው አልሄደም። በጭነት ማኪና ተሳፍሮ ወደ መንደራችን ሄዷል። ማክሰኞ ረፋድ ላይ አጎታችን የላከው ሰው ደጃችን ቆመ። ወንድሜ ራሱን አጥፍቷል። እንዴት እንደሆነ አልጽፍም፤ ለማንም አይጠቅምም። ለምን እንደሆነ ባውቅ ግን እጽፍ ነበር።

ከሚስቱ ጋር በጭነት ማኪና ወደ ዳባት፣ ከዚያም በእግር ወደ መንደሩ ወጣን። ስንደርስ ቀብሩ ቆሟል። የደብሩ አለቃ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢም አይቀበርም ብለው በሩ ላይ ቆመዋል። አጎቴ እግራቸው ላይ ወድቋል። ለቀስተኛው ከቅጥሩ ውጭ ዝናብ ላይ ነው። አለቃው ክፉ ሰው አይደሉም፤ አባቴንም እናቴንም የቀበሩ እሳቸው ናቸው። ጥቂት አስበው፣ «አእምሮውን ስቶ ከሆነ ግን አላወቀም፤ ያላወቀ ሰው አይጠየቅበትም። ሦስት ሽማግሌ ይማልልኝ፤ በጽሑፍም ይሁን። ነገ ከጎንደር ቤተ ክህነት ቢጠይቁኝ የማሳየው ልያዝ» አሉ።

አጎቴ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ጻፍ። ተምረህ የለ? ሸጋ አርገህ ጻፈው።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በረንዳ ላይ ወረቀትና ቀለም ቀረበልኝ። አለቃው አንዱ ቢበላሽ ብለው ሁለት ወረቀት ላይ አስቀድመው ማኅተም መትተውበታል። ሽማግሌዎቹ ከፊቴ ተደረደሩ። ሦስቱም ወንድሜን ካዩት ዓመት አልፏቸዋል።

«አምና ለፋሲካ የመጣ ጊዜ ተቀምጦ ሳለ ሰዓቱን አሥር ጊዜ አይቷል» አሉ የመጀመሪያው።

«አያ፣ ሰዓት ያሰረ ሰው ሰዓት ያያል እኮ» አልኳቸው።

«አንተ ጻፍ እንጂ አትከራከር!» አለኝ አጎቴ።

ሁለተኛው ሽማግሌ ወንድሜ ለብቻው እየሄደ ይስቃል ሲባል ሰምቻለሁ አሉ።

«ከማን ሰሙ?»

«ከሰው ነዋ! ከማን ልስማ? ከበሬ?»

ሦስተኛው ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እናንተ የምታወሩት ጭራሽ ነገር አይደለም» አሉ። «ይህ ልጅ ሞቱን ሸጧል አልተባለም እንዴ? ለፈረንጅ ኩባንያ ፈርሞ! እስቲ ንገሩኝ፣ ጤነኛ ሰው ሞቱን ይሸጣል?»

ከዚያ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። አለቃው ሳይቀሩ፣ «ይኸስ ምስክር ነው» አሉ።

የሚሉት ኢንሹራንሱን ነው። ዓመት ከአምስት ወር ቀደም ብሎ አንድ ወኪል ወደ መጋዘኑ መጥቶ ሠራተኞቹን ሲያነጋግር ወንድሜ የሕይወት ኢንሹራንስ ገባ። በየወሩ ጥቂት ይከፍላል፤ እሱ ቢሞት ኩባንያው ለሚስቱና ለልጁ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይሰጣል። ዛሪማ ድረስ ያ ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ዕቃ ሊያስረክብ ይመላለስ ስለነበር ነው የገባው። ደስ ብሎት ለአጎቴ ቢነግረው አጎቴ ሦስት ጊዜ አማተበ። ለቀብር የሚረዳዳ ሰው በመንደራችን ሞልቷል፤ ገና በቁሙ ለሞቱ ውል የሚፈርም ግን ያኔ ነው የታየው። ወሬው በአንድ ሳምንት ውስጥ ደጋውን አዳረሰ፤ እነሆ ከዓመት በኋላ ማስረጃ ሆኖ መጣ።

ጻፍኩት። «ሟቹ ከረዥም ጊዜ ጀምሮ አእምሮውን ስቶ የኖረ ሲሆን፣ ጤናማ ሰው የማያደርገውን ሁሉ ያደርግ ነበር። ሰዓቱን በከንቱ ይመለከታል፤ ለብቻው ይስቃል፤ ይልቁንም በሕይወት ሳለ የገዛ ሞቱን ለባዕድ ኩባንያ በውል ሸጧል።» ይህን የጻፍኩ እኔ ነኝ። ከሁለት ቀን በፊት ወለቃ ላይ እንስራ ሲያንኳኳ ያየሁት ሰውዬ ላይ ነው። ጽሕፈቱ እንዳይጎረብጥ ተጠንቅቄ፣ ሳልሰርዝ፣ ሳልደልዝ ነው የጻፍኩት። ሽማግሌዎቹ በጣታቸው ፈረሙ። አጎቴ ባዶውን ባለማኅተም ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ወንድሜም ከአባታችን አጠገብ፣ ፍትሐት ተደርጎለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበረ።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ መዋሸት አያስፈልግም። በዚያ ቀን ደስ የሚል ነገር ካለ ያ ብቻ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ የቤቱ ነገር መጣ። የወንድሜ ሚስት የስፌት ማኪና አላት፤ የተማሪ ልብስ ትሰፋለች። ስፌቱ ለምግብ ይበቃል፤ ለቤት ኪራይና ለእኔ ትምህርት ግን አይበቃም። የውሉን ወረቀት ከሣጥን አውጥታ ሰጠችኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ቀን ተቀመጥኩበት። ራስን ስለማጥፋት የሚናገር አንቀጽ አለው። ውሉ ከተፈረመ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሰውየው ራሱን ቢያጠፋ ኩባንያው የተከፈለውን ብቻ ይመልሳል እንጂ የሞቱን ገንዘብ አይሰጥም ይላል። ይህ ገብቶኛል። በመካከሉ፣ በሁለት ነጠላ ሰረዝ መሐል የገቡ ጥቂት ቃላት ነበሩ፤ እነሱን ዘልያቸዋለሁ። ዘለልኳቸው ማለት፣ ዋናው ነገር ገብቶኛል ብዬ ነው። አስተማሪያችን ሁልጊዜ የሚነግረን ይህንኑ ነበር፤ አትዝለሉ።

እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው። ያበደ ሰው ያደረገውን አያውቅም። ስለዚህ ራሱን አጠፋ አይባልም። ቤተ ክርስቲያን የማረችውን ሰው አንድ ኩባንያ ምን ይለዋል? ወኪሉ ደግሞ መጀመሪያ ሄጄ ሳነጋግረው፣ መሞቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን አምጣ ብሎኛል። በአገራችን ሰው መሞቱን የሚመሰክር ሌላ ምን ወረቀት አለ? ስለዚህ መንደራችን ድረስ ወጥቼ፣ አለቃውን ለምኜ፣ ያንኑ ወረቀት ተዋስኩና አመጣሁለት።

የወኪሉ ቢሮ ጣሊያን ከሠራቸው ፎቆች በአንዱ ላይ ነው። ወኪሉ ወጣት ነው፤ ከእኔ በስድስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ክራባቱን አስተካክሎ፣ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ በዝምታ አነበበ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«‹ይልቁንም በሕይወት ሳለ የገዛ ሞቱን ለባዕድ ኩባንያ በውል ሸጧል።›» ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄ እኮ እኔ ነኝ! የተዋዋለው ከእኔ ጋር ነው። እንዲህ ከሆነ ደንበኞቼ ሁሉ እብድ ናቸው ማለት ነው?» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ አፈረ። «ይቅርታ። ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጽሕፈትህስ ቆንጆ ነው» አለኝ። የሚለው ጠፍቶት ነው።

አንቀጹን አውጥቶ የዘለልኳቸውን ቃላት በጣቱ አሳየኝ። ጤነኛም ቢሆን፣ እብድም ቢሆን፣ ነው የሚሉት።

«ገባህ? አበደም አላበደም ለኩባንያው ልዩነት የለውም። ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ በቃ።»

«ለምን ሁለት ዓመት?»

«አንድ ሰው ለመሞት ቆርጦ ዛሬ ፈርሞ ነገ ቢሞትስ? ሁለት ዓመት ከቆየ ሐሳቡን ይለውጣል፣ ወይም ሲፈርም እንዲያ አላሰበም ማለት ነው ተብሎ ነው።»

«ወንድሜ ለመሞት ብሎ አልፈረመም። መንገዱን ፈርቶ ነው።»

«ይሆናል። እኔ ግን ልቡን ከፍቼ ማየት አልችልም፤ አዲስ አበባ ያሉትም አይችሉም። ስለዚህ ቀኑን ይቆጥራሉ። ሲሞት ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ሰባት ወር ይቀረው ነበር።»

«ታዲያ ከሰባት ወር በኋላ ቢሆን ኖሮ ኃጢአት አይደለም?»

«ከዚያ በኋላ ቢሆን ይከፈል ነበር። ኃጢአት የሚል ቃል ደግሞ እዚህ ወረቀት ላይ የለም፤ ፈልግ ብትፈልግ።»

በጣም ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ እንኳ ለይቼ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የጠየቁን አብዶ ነበር ወይ ብለው ነው፤ እዚህ የሚጠይቁት መቼ ፈረመ ብለው ነው። ወንድሜ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ። አጠገቡ እየኖርኩ፣ ከሱ ጋር እየበላሁ፣ አልጠየቅሁትም።

ልወጣ ስነሣ ወኪሉ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋ። «ስማኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወረቀቱን ገና አልላክሁትም። ደብዳቤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አውሮፕላን ነገ ከሰዓት በኋላ ነው። ገደል ገብቶ ሞተ የሚል ወረቀት ከደብሩ ቢመጣ ነገሩ ሌላ ነው። እኔ ግን ምንም አላልኩህም።»

ቤት ስደርስ አጎቴ ከደጋ ወርዶ ከወንድሜ ሚስት ጋር ተቀምጧል። የሆነውን ነገርኳቸው። አጎቴ ነገሬን ሳልጨርስ ኪሱ ገባና ያን ባዶ ባለማኅተም ወረቀት አውጥቶ መደቡ ላይ በእጁ ጠፍጠፍ እያደረገ ዘረጋው።

«ይኸውልህ! ምን ጠፋ? ገደል እንደሁ አገሩ ሞልቶታል። የፈለግኸውን ገደል ጻፍ።»

«አያ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው።»

«ያኛውስ ምን ነበር?» አለኝ። «አንዱን ለነፍሱ ጻፍክለት። ሌላውን ለልጁ ብትጽፍ እጅህ ይሰበራል? ምነው፣ ለሙት ሆነህ ለሕያው ትሰስታለህ?»

የተማረ ሰው ለሁሉ መልስ ያለው ይመስላቸዋል።

የወንድሜ ሚስት እስከዚያ ድረስ የተማሪ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክል ነበር። መርፌዋን ሳትነቅል ተናገረች።

«አብዶ ነበር ብለህ ታምናለህ?»

«አላምንም፣ እትዬ።»

«ለምን ጻፍክ?»

«እንዲቀበር።»

«እሺ። ተቀበረ፤ ስለዚያ አልወቅስህም። መጀመሪያ አበደ አላችሁ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ገደል ገባ ልትሉ ነው። ያገባሁት የቱን ሰውዬ ነው? ነገ ልጄ አድጋ አባቴ የወደቀበትን አሳዩኝ ብትል፣ የቱ ጋ ወስጄ ላሳያት?»

«ኧረ ገደልስ አይጠፋም!» አለ አጎቴ።

«አያ፣ ይተዉኝ እባክዎ!» አለችና ሸሚዙን ወረወረችው። ከዚያ ተነሥታ ራሷ አነሣችው። «ገንዘቡ ያስፈልገኛል። አያስፈልገኝም ብዬ አልዋሽም። እያንዳንዱን ሸሚዝ ስሰፋ እሱን ነው የማስበው። ግን ሁሉም ሰው ስለሱ የፈለገውን እየጻፈ ነው። እሱ ታሞ ነበር ይሆናል፤ እኛ ያላየንለት ሕመም። እኔ ነኝ አጠገቡ የምተኛው፣ እኔ እንኳ አላየሁለትም። ያላየነውን አላየንም እንበል እንጂ።» ሸሚዙን ጭኗ ላይ መልሳ ዘርግታ፣ «የከፈለውን ይመልሳሉ አላልክም? እሱን አምጣልን» አለች።

አጎቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ መለሰው። እናንተ የከተማ ሰዎች የመጣላችሁን እንጀራ በእግራችሁ ነው የምትመልሱት ብሎ እየተቆጣ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። እስኪመሽም ከደጅ ሲያጉረመርም ይሰማን ነበር። አልፈረድኩበትም። እሱም እኮ ወንድሜን ያሳደገ ሰው ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት ደርሼ ደረጃው ላይ ቆየሁ። ወኪሉ ሲመጣ እጄን እጄን አየ። ባዶ መሆኑን ሲያይ ከንፈሩን መጠጠ።

«እርስዎ እብድ ቢሆንም ባይሆንም ልዩነት የለውም ብለውኛል» አልኩት።

«የለውም።»

«እንግዲያው ይህን የቤተ ክርስቲያን ወረቀት መላክ የግድ ነው?»

አሰበ። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ አንከባለለ። «መሞቱና መቀበሩ ነው የሚያስፈልገኝ። የቀብሩን ማስረጃ አይቻለሁ ብዬ እኔው ልፈርም እችላለሁ። የተከፈለውን ለመመለስ ያህል ብዙም አይመረምሩም።»

ወረቀቱን መለሰልኝ፤ አጥፌ ደረት ኪሴ አስገባሁት። ለአለቃው የሚመለስ ነው። ወኪሉ በምትኩ ገንዘብ የሚጠየቅበት ቅጽ ሰጠኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የተቀበረበት ደብር ሞላሁ። የሞቱ ምክንያት የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። እዚያች ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ቀለም አንጠባጠብኩ። «ራሱን በራሱ አጠፋ። እብድ አልነበረም። ለምን እንዳደረገው አናውቅም» ብዬ ጻፍኩ።

ወኪሉ ቅጹን ወደ ራሱ አዙሮ አነበበው።

«የመጀመሪያው ይበቃል። የቀሩት ሁለቱ አያስፈልጉም።»

«አውቃለሁ።»

«ለኩባንያው ምንም አይለውጡም እኮ፤ ነግሬሃለሁ።»

«ስለማይለውጡ ነው የጻፍኩት» አልኩት። በሌላ ቦታ፣ ለደብሩ ብጽፈው፣ የወንድሜ ፍትሐትና መቃብር ይናዳል።

ወኪሉ ያንጠባጠብኩትን ቀለም በመምጠጫ ወረቀት ተጫነልኝ፤ ከሥሩ ፈረመ፤ ከሌሎቹ ደብዳቤዎች ጋር ፖስታው ውስጥ ከተተና አሸገው። እኔም ደረጃውን ወርጄ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።